ጉዞው በልጁ ልክ ይሁን
ሕፃናትን ይዞ በአየርና በባሕር ስለ መጓዝ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። በመርካቶ፣ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ካሉት ቤቶቻችን ለዑምራ የሚወጡ ቤተሰቦች አሉ። ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይ የሚመላለሱ፣ ገና የሚያጠቡ ነጋዴ እናቶች አሉ። ባሏ ጅዳ ወይም ሪያድ የሚሠራ፣ የተወለደውን ልጅ ለአባቱ ለማሳየት የምትበር እህትም አለች። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ሕፃኑን ይዤ ልሂድ ወይስ ለእናቴ ትቼው ልሂድ? ከያዝኩትስ ምን ላድርግ?»

መልሱን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንጀምር። ሶላትን ሊያስረዝሙ አስበው ከቆሙ በኋላ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ፣ እናቱ እንዳትጨነቅ ብለው ያሳጥሩ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ተላልፎልናል። የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው እንደሰገዱም ተዘግቧል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሱ ያነሷታል። ልብ እንበል! ከአምልኮ ሁሉ ታላቁ ሶላት ለሕፃን ልቅሶ ካጠረ፣ የእኛ ጉዞ፣ የእኛ ገበያና የእኛ ፕሮግራም ለሕፃኑ የማያጥርበት ምን ምክንያት አለ? ስለዚህ የዛሬው ቃላችን አንድ ነው፤ ጉዞው በልጁ ልክ ይሁን እንጂ ልጁ በጉዞው ልክ አይጎተት።

መሄዱ የግድ ነውን?

ወደ ሐጅ ሲጓዙ አንዲት ሴት ሕፃኗን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከፍ አድርጋ፣ ለእርሱ ሐጅ ይኖረው እንደሆነ ጠይቃቸዋለች። አዎን እንዳሏትና ለእርሷም ምንዳ እንዳላት እንደነገሯት ኢብን ዐባስ አስተላልፈዋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ልጅን ይዞ መሄድ የተፈቀደና ምንዳ ያለበት ነው። ሁለተኛ፣ ዑለማዎች እንዳብራሩት ይህ ሐጅ ልጁ ሲጎለምስ የሚጠበቅበትን ግዴታ አያወርድለትም። እንግዲህ ሕፃኑ ባይሄድ የሚያመልጠው ግዴታ የለም። ጤናው የላላ ከሆነ፣ ሙቀቱ የሚበረታበት ወቅት ከሆነ፣ ወይም የምንሄደው በጥቂት ቀናት ብዙ ሥራ ለመሥራት ከሆነ፣ በታመነ እጅ መተው ስሕተት አይደለም። ጡት ብቻ የሚጠባ ጨቅላ ከሆነ ግን ከእናቱ አይነጠል፤ ይልቅ ጉዞው ይዘግይ።

ሐጅን በተመለከተ ጉዳዩ ከእኛ ምርጫም ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የሐጅ ወቅት የሳውዲ የሐጅና ዑምራ ሚኒስቴር ከመጨናነቁ አደጋ ለመጠበቅ ሲል ልጆች ከሐጃጆች ጋር እንዳይሄዱ ወስኖ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የ2024 ሐጅ፣ መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወጥቶ፣ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳውዲ መንግሥት አስታውቋል። አዋቂን የጣለ ሙቀት ሕፃንን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ደንቡን በየዓመቱ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ለዑምራም ቀዝቀዝ ያሉትን ወራት እንምረጥ።

ከቤት ሳንወጣ

ሕፃን ቢሆንም የራሱ ፓስፖርትና የራሱ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከወላጆች አንዱ ብቻ ይዞት የሚወጣ ከሆነ፣ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና የልደት ምስክር ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል።

ቀጥሎ ክትባት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከዘጠኝ ወር ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ለሐጅና ለዑምራ የሚጠየቀው የማጅራት ገትር ክትባትም ከመድረስ በፊት ቢያንስ አሥር ቀን ሊሞላው ይገባል፤ ከአንድ ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችንም ይመለከታል። ትኬት ተቆርጦ፣ ሻንጣ ተሞልቶ፣ በመጨረሻው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ የሚያስከትለውን ጣጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መስፈርቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚሻሻል ቪዛ ሲጠየቅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዘጠኝ ወሩ መሰጠት ያለበት የኩፍኝ ክትባትም አይዘለል፤ ከዓለም ዙሪያ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ በሽታም የሚሰበሰብበት ነው።

ብዙ አየር መንገዶች ሰባት ቀን ያልሞላውን ጨቅላ አያሳፍሩም፣ ወይም የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ። ሐኪሞች ግን ከዚያም በላይ ጥቂት ሳምንታት መጠበቁን ይመርጣሉ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት፣ ጉንፋን የያዘው ወይም ጆሮውን የሚያመው ልጅ ካለን ከበረራው በፊት ሐኪም ይየው።

ጆሮውን የሚያመው መቼ ነው?

ብዙ እናቶች «አውሮፕላን ሲነሳ ልጄ ያለቅሳል» ብለው ይፈራሉ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ልጅ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ይጠበቃል። እንግዲህ የመርካቶ ልጅ አውሮፕላን ውስጥ የሚያገኘው ግፊት ቤቱ ከለመደው ብዙም አይርቅም።

ጭንቁ የሚመጣው ሲወረድ ነው። ጅዳም ዱባይም የባሕር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። አውሮፕላኑ ዝቅ ባለ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይጨምርና የጆሮውን ታምቡር ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ስንውጥ ይከፈትና ግፊቱን ያስተካክላል። አዋቂ ምራቁን ይውጣል፤ ሕፃን ግን እንዲውጥ ሊነገረው አይችልም። መላው ማጥባት ነው። ከቦሌ ጅዳ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ሊያርፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ሕፃኑ ተኝቶ ከሆነ ይቀስቀስና ጡት ወይም ጡጦ ይሰጠው። ከፍ ያለው ልጅ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። በመልሱ ጉዞ፣ ከዝቅተኛው አገር ወደ ከፍታው ስንመጣ፣ ጆሮው ብዙውን ጊዜ ይቀለዋል።

ጭናችን ወንበር አይደለም

ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወላጁ ጭን ሆኖ ይጓዛል፤ በዓለም አቀፍ በረራ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን አሥር በመቶ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ አስተናጋጇ የምትሰጠንን፣ ከእኛ ቀበቶ ጋር የሚያያዘውን ትንሽ ቀበቶ ለሕፃኑ እናስርለት። እኛ በታሰርንበት ቀበቶ ውስጥ ሕፃኑን ጨምሮ ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አውሮፕላኑ ድንገት ሲነቀነቅ የእኛ ክብደት እርሱን ይጨፈልቀዋል። በአንቀልባ ወይም በነጠላ ማዘልም መንገድ ላይ መልካም ነው፤ ለመነሻና ለማረፊያ ግን የቀበቶውን ቦታ አይተካም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የዩናይትድ አየር መንገድ 232ኛ በረራ አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ ተከስክሶ ነበር። በጭን የተያዙ አራት ሕፃናት በውስጡ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በነበረው መመሪያ ወላጆች ወለል ላይ አስቀምጠው እንዲይዟቸው ተነገራቸው። ከአራቱ አንዱ ሞተ። የበረራ አስተናጋጆቹ ኃላፊ የነበረችው ጃን ብራውን ከዚያ በኋላ ሕፃናት የራሳቸው ወንበር እንዲኖራቸው ለብዙ ዓመታት ስትከራከር ኖራለች። አቅሙ ያለው ወላጅ ለሕፃኑ ወንበር ገዝቶ፣ አየር መንገዱ በሚቀበለው የሕፃን መቀመጫ ቢያስረው ከሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። አቅም ለሌለው ደግሞ በአንዳንድ አውሮፕላኖች የፊተኛው ግድግዳ ላይ የሚሰካ የሕፃን አልጋ አለ፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቅ። የቀበቶ ምልክት ሲበራ ግን ሕፃኑ ከዚያ ተነስቶ ይታቀፍ።

በእጅ ቦርሳ ምን ይኑር?

ለመንገዱ ሰዓት ከሚበቃው እጥፍ የሚሆን ዳይፐር፣ ሁለት ቅያሬ ልብስ ለልጁ፣ አንድ ቅያሬ ለእናቲቱ፣ ለአውሮፕላኑ ቅዝቃዜ የሚሆን ብርድ ልብስ፣ የትኩሳት መድኃኒት በሐኪም ከተነገረው መጠን ጋር፣ እንዲሁም ኦ.አር.ኤስ። ይህ ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዝ። የሕፃን ወተትና ምግብ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለብቻው ተፈትሾ ይፈቀዳል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። «እንዲተኛልኝ» ተብሎ ለልጅ የሳል ሽሮፕ ወይም የአለርጂ መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው። የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፤ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። ሕፃን ቢያለቅስ ነውር የለበትም። አጠገባችን የሰው ልጅ ሲያለቅስም ፊታችንን ከማጥቆር ይልቅ «እህቴ፣ ቦርሳውን ልያዝልሽ» ማለት ሰደቃ ነው። አባቶችም ይህን እናስተውል፤ ሻንጣውን ተሸክሞ ልጁን ለእናቱ ብቻ መተው ሥራን መካፈል አይደለም።

ከደረስን በኋላ

መርካቶ ብርድ የለመደ ሕፃን በሹራብና በፎጣ ተጠቅልሎ ጅዳ ሲወርድ ይቃጠላል። ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ልብሱ ይቀነስ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ውኃ አያስፈልገውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፤ እናቲቱ ደግሞ በብዛት ትጠጣ። አፉ ከደረቀ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ወይም ከተልፈሰፈሰ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ልጁን ኢሕራም ማስገባት ግዴታ አይደለም፤ የምንችለው መሆኑን አስበን እንወስን። ጠዋፉን ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ብናደርገው፣ ባልና ሚስት ተራ ብንገባ፣ ከሐጀረል አስወድ ግፊያ ሕፃን ይዘን ብንርቅ፣ ከዑምራችን የሚጎድል ነገር የለም። መንገደኛ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት ያሳጥራል። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙሁርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርም ይችላል፤ ሐነፊዮች ግን ማጣመርን በዐረፋና በሙዝደሊፋ ብቻ ይወስኑታል። አላህ ያገራውን እኛ አናክብደው። መራመድ የጀመረ ልጅ እጅ ላይ ደግሞ ስልካችንና የሆቴላችን ስም በዐረብኛ ተጽፎ ይታሰር።

በውኃ ላይ

አባቶቻችን ለሐጅ በምጽዋ በኩል ወጥተው በመርከብ ወደ ጅዳ ይሻገሩ ነበር። ዛሬ አብዛኞቻችን በአየር ብንሄድም፣ በጣና ላይ በጀልባ የሚጓዙ፣ በዐረብ አገርም ቀይ ባሕርን በመርከብ የሚያቋርጡ ቤተሰቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 አል-ሰላም ቦካቾ 98 የተባለው መርከብ ከሳውዲዋ ዱባ ወደ ግብፅ ሳፋጋ ሲሄድ እሳት ተነስቶበት፣ ወደ ወደቡ ሳይመለስ ጉዞውን ቀጥሎ ሰጠመ። ከ1,400 ያህል ሰዎች ከ1,000 በላይ አለቁ። ስለዚህ ልጅ ይዘን መርከብ ላይ ስንወጣ ቅድሚያ የምንጠይቀው የልጅ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የት እንዳለ ነው። የአዋቂው ጃኬት ለልጅ አይሆንም፤ ውኃ ውስጥ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅ አይሳፈር።

በድብቅ ስለሚሻገሩት ጀልባዎችም ዝም ልንል አንችልም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመልስ የነበረ ጀልባ ጎዶሪያ አጠገብ ሰጥሞ፣ ሕፃናትን ጨምሮ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞተዋል። ድህነት ምን እንደሚያስደርግ እናውቃለን፤ በሟቾቹም አንፈርድም። ነገር ግን ደላላ «ምንም አይሆንም» ሲል፣ ሕፃኑ አስተያየት ያልተጠየቀበት ጉዞ መሆኑን ወላጅ ያስብ። ልጅ አማና ነው፤ አማና ደግሞ ለዕድል አይጣልም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ስንሳፈር የጉዞውን ዱዓ ለልጆቻችን ጮክ ብለን እናሰማቸው፤ ከእኛ አፍ ሲሰሙት ያድጉበታል። ዱዓችን ግን ዝግጅታችንን አይተካም። በመወከል የታወቁት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ፈቶ ልመካ ወይ ላለው ሰው፣ መጀመሪያ እንዲያስር ከዚያ እንዲመካ አስተምረውታል። የእኛም ማሰሪያ ክትባቱ፣ ቀበቶው፣ ጃኬቱና ትዕግሥቱ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስ፣ በሰላም ይመልስ፤ ልጆቻችንንም ለዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።