95 ወደ ምሥራቅ፣ 207 ወደ ሰሜን

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ መሬት ላይ የማይታይ መስመር ታልፋላችሁ። በዩቲኤም ዞን 37 ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የሚቆጠረው ርቀት አንድ ሚሊዮን ሜትር የሚሞላው እዚያ አካባቢ ነው። ከመስመሩ በታች ያለ ይዞታ ይህ ርቀቱ፣ ማለትም ዋዩ፣ ስድስት አሃዝ ነው፤ አብዛኛው ጉለሌ ግን ሰባት። ለስድስት አሃዝ ብቻ ቦታ በተተወለት ሠንጠረዥ የጉለሌ ቁጥር ጅራቱ ተቆርጦ ይገባል።

መስመሩ ደግሞ አንድ አይደለም። ጂፒኤስ የሚሠራበት የልኬት መሠረት (ዳተም)፣ ደብልዩጂኤስ 84፣ አንድ ቦታ ያሳርፈዋል፤ የቆዩት ካርታዎቻችን የተሠሩበት አዲንዳን ከዚያ 207 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ያርቀዋል። በአዲንዳን ዋዩ 999,900 የሆነ የግቢ ጥግ በደብልዩጂኤስ 84 1,000,107 ይሆናል። ኤክሱም 95 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይጨምራል። ችካሉ ንቅንቅ ሳይል ማለት ነው።

አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር የነበረ የኑቢያ መንደር ነው። መነሻ ነጥቡ እዚያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 አሜሪካኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ ሲለኩ የልኬቱ ሰንሰለት ወደ እኛ ዘለቀ። መንደሩን በኋላ የአስዋን ግድብ ውሃ ዋጠው። የሽሮ ሜዳ አጥር የሚቆጠረው ከዚያ ተነሥቶ ነው ስል ጀማሪዎች ቀልድ ይመስላቸዋል። የምድር ቅርጽ ተደርጎ የተወሰደውም ይለያል፦ አዲንዳን የቆመበት ክላርክ 1880 በምድር ወገብ ላይ ያለው ሬዲየስ ከደብልዩጂኤስ 84 በ112 ሜትር ይረዝማል።

ቅየራው ዛሬ ቀላል ነው። በፓይተን ፓይፕሮጅ የተባለውን ላይብረሪ ጠርቶ መነሻውን በኮድ 20137፣ መድረሻውን 32637 ብሎ መስጠት ነው። ኤክሴል የለመደ ልጅ ግን «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምን? ኤክስ ላይ 92፣ ዋይ ላይ 206 ደምሬ እጨርሰዋለሁ» ይለኛል። ሞኝነት አይደለም፤ በአዲስ አበባ ውስጥ ልዩነቱ ከሰፈር ሰፈር እምብዛም አይለዋወጥም። (ጅግጅጋ ላይ ግን የምሥራቁ ከ100 ያልፋል፣ ጋምቤላ ላይ ከ90 በታች ይወርዳል።) እኔ የምጠይቀው 92 ከየት መጣ ብዬ ነው። ለኢትዮጵያና ለሱዳን በአማካይ የወጣው መለወጫ፣ ከምድር ማዕከል በሚነሡት ሦስት ዘንጎች በሜትር፣ −166፣ −15፣ 204 ነው፤ ለኢትዮጵያ ብቻ የወጣው −165፣ −11፣ 206። በመጀመሪያው ብትሠሩ ጉለሌ ላይ 92 እና 206 ታገኛላችሁ፤ በሁለተኛው 95 እና 207። ልዩነቱ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ለእንጦጦ ደን ካርታ ምንም አይደለም፤ ቀጨኔ ውስጥ ግን ሦስት ሜትር አንድ ሙሉ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። መለወጫውን ካልነገሩት ላይብረሪው ራሱ ይመርጣል፤ ስለዚህ የእኔ ስክሪፕት የተመረጠውን ውጤቱ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ። ሁለቱም መለወጫዎች ቢሆኑ የሜትሮች ስህተት አላቸውና የወሰን ክርክር አይፈቱም። ለዚያ በሁለቱም ዳተም የታወቁ ነጥቦችን በአካባቢው አግኝቶ መለካት ያስፈልጋል።

የሚከብደው ወረቀቱ ነው። ኤክስና ዋይ ተጽፎ ዳተሙ ሳይጻፍ ይመጣል፤ ቁጥሩን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ያኔ ይዞታዎቹን ሳተላይት ምስል ላይ ጥዬ የሸሹበትን አቅጣጫ አያለሁ። ሁሉም በአንድ መጠን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ከተማው ቁልቁል ከተንሸራተቱ አዲንዳን ሳይቀየር እንደ ደብልዩጂኤስ ተነቧል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ከወጡ የተቀየረው ድጋሚ ተቀይሯል። እያንዳንዱ በየፊናው ከተበተነ ዳተሙን ትቼ ልኬቱን እመረምራለሁ። ጉለሌ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ይህ ቢያንስ ያስቃል፤ ማንም ወዲያው ያየዋል። ሁለት መቶ ሜትሩ ግን የሚያርፈው እውነተኛ አጥርና ጣሪያ ባለው የሰው ግቢ ላይ ነውና ዓይን አይገባም።

«አሮጌ ከሆነ አዲንዳን ነው፣ እንደዚያ ውሰደው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ለአሮጌው ካርታ ልክ ናቸው። ነገር ግን በአንድ ማኅደር ውስጥ ከአሮጌ ካርታ የተቀዱ ሦስት ጥጎችና በቅርቡ በጂፒኤስ የተለካ አራተኛ ጥግ አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ በእኔ ስክሪፕት ለእያንዳንዱ ጥግ ዳተሙ የሚሞላበት ዓምድ አለ፤ ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ አይገምትም፣ የመስመሩን ቁጥር አሳይቶ ይቆማል። ዓምዱ ቢሞላም ስፋቱን አስልቶ ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር ያስተያያል። ዳተሙ በሙሉ የተሳሳተ ይዞታ ስፋቱ እንዳለ ነው የሚቀረው፣ ይህ ፍተሻ አይይዘውም። የተደባለቀው ግን ከአንድ ጥጉ 228 ሜትር የሚረዝም ቀንድ ያወጣል፣ 175 ካሬ የነበረው ግቢም ከሺህ ሊያልፍ ይችላል። ያ ማኅደር ወደ ቀያሹ ይመለሳል።