ስንቁ ከመንገደኛው የከበደበት ጕዞ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ ዳገት የሚወጣ እግረኛ ስንቁን በልኩ ይይዛል። ቢጠማው ምንጭ፣ ቢርበው ገበያ ወይም የደግ ሰው ቤት አያጣም። እስቲ በመንገዱ ሁሉ ምንጭም ገበያም ቤትም የለም እንበል። መንገደኛው ስንቁን የሚሸከምለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ተሸካሚውም ይበላልና ለእርሱ ስንቅ ሌላ ተሸካሚ ይጨመራል። በመጨረሻ አንድ ሰው ጨንቻ ለማድረስ ብዙ ጭፍራ ይነሣል። ወደ ጠፈር የሚወጣው ሮኬት ችግርም ይኸው ነው።

አውሮፕላን ነዳጁን የሚያቃጥልበትን አየር በመንገዱ ያገኛል። ሮኬት ግን ከአየር በላይ ስለሚሄድ ነዳጁንም ኦክስጅኑንም ከመሬት ይዞ መነሣት አለበት። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሦስት አሜሪካውያንን ወደ ጨረቃ የላከው ሳተርን 5 ሲነሣ ወደ 3,000 ቶን ይመዝን ነበር፤ ሰዎቹን ይዞ የተመለሰው ክፍል ግን 6 ቶን እንኳ አይሞላም።

ብዙ ሰው ችግሩ ከፍታ ይመስለዋል። እንዲህስ ቢሆን የጋሞ ተራሮች በጠቀሙን ነበር። ዋናው ነገር ፍጥነት ነው፤ መሬትን በቅርብ ለመዞር በሰከንድ ወደ 7,800 ሜትር መብረር ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ የመሬት መሽከርከር ከተማዋን በሰከንድ ወደ 460 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይዟት ይሄዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚተኰስ ሮኬት ይህን ፍጥነት በነጻ ያገኝ ነበር። ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሚፈለገው ከ17 እጅ አንዱ ያህል ነው።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለምን? ሊቃውንት ሦስት ያህል ይጠቅሳሉ። አንደኛው ሮኬቱን መልሶ ማሳረፍ ነው፤ ስፔስ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሳተላይቶች ያደረሰ ሮኬቱን የታችኛ ክፍል በደኅና አሳርፏል። ይህ ወጪን ይቀንሳል እንጂ የስንቁን ሕግ አይሽርም። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው የአዮን ሞተር ነው፤ ነዳጅ ይቈጥባል፣ ግፊቱ ግን ደካማ በመሆኑ ከመሬት ሊነሣ አይችልም፤ የሚጠቅመው ጠፈር ከደረሱ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሩሲያዊው ዩሪ አርትሱታኖቭ በ1952 ዓ.ም. ያቀረበው አሳብ ሲሆን፣ ከምድር ወገብ ከ36,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ገመድ ተክሎ በእርሱ መውጣት ነው። ይህን ያህል ረዝሞ በራሱ ክብደት የማይበጠስ ገመድ ግን እስካሁን አልተሠራም።

አገራችንም ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያስወነጨፈችው በቻይና ሮኬት ነው። በሰው ሮኬት መሳፈር ነውር አይደለም። ለዘለዓለም ተሳፋሪ ሆኖ መቅረት ግን አያኰራም።

የሮኬትን ሕግ በ1895 ዓ.ም. በሒሳብ ቀምሮ ያሳተመው ኮንስታንቲን ሲዮልኮቭስኪ በካሉጋ፣ ከዋና ከተማ በራቀች ከተማ፣ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በልጅነቱ የመስማት ኃይሉ ደክሟል፤ አንድም ሮኬት ወደ ጠፈር አልተኰሰም። መሣሪያው ሒሳብና ትዕግሥት ነበር።

ስለዚህ በአርባ ምንጭም ሆነ በሌላ ከተማ በትምህርት ገበታ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ የማይበጠሰው ገመድ ወይም የሚቀለው ስንቅ ገና ፈላጊ ይጠብቃል። ከዋና ከተማ ርቀናል ማለት ምክንያት እንደማይሆን የካሉጋው መምህር አሳይቶናል።