የዱር ማደር፦ ቀይ ቀለም በሥሩ የያዘ የቡና ዘመድ

በተፈጥሮ ቀለም ለምትሠሩ! የዱር ማደር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሩቢያ ፔሬግሪና፣ ከቡና ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በሜዲትራኒያን ዙሪያና በምዕራብ አውሮፓ ጠረፍ በራሱ ይበቅላል። ቅጠሉንና ግንዱን ስትዳስሱት ወደ ኋላ የተቆለመሙ ጥቃቅን እሾሆቹ ጣት ይይዛሉ፤ ቁጥቋጦ ላይ የሚንጠላጠለውም በእነሱ ነው።

አተካከሉ፦
1. ውሃ የማይቋጥር፣ ኖራማ አፈር ምረጡ።
2. ትኩስ ዘር ዝሩ፤ ወይም ቡቃያ ያለው የሥር ቁራጭ ትከሉ።
3. በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ።
4. ሥሩ ወደ ጎን ስለሚሄድ ጎረቤት መደብ እንዳይወር ከልሉት።
5. 3 ዓመት ያህል ታገሡ፤ ሥሩ ሲወፍር ቆፍራችሁ አድርቁ።

ስታቀልሙ ውሃው እንዳይፈላ፤ ከፈላ ቀዩ ወደ ቡናማ ያደላል። የዱሩ ሮዝማ ቀለም ይሰጣል፤ ደማቅ ቀይ የምትፈልጉ ግን ዘመዱን ሩቢያ ቲንክቶረምን ትከሉ።