ጥቁሩ ተጫዋች ሜዳ የገባበት ዓመት

በገጠራችን የገና ጨዋታን የማያውቅ የለም። ጥንጓ ትመታለች፤ ጎረምሳው እየተጋፋ ይሮጣል። በዚያ ቀን ጌታም ቢሆን በዱላ ቢነካ አይቆጣም። በአሜሪካ አገርም በኳስና በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። ስሙ ቤዝቦል ይባላል። ይሁን እንጂ በዚያ ጨዋታ ከ60 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ ቆየ። ክልከላው የተሰበረው በ1939 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ስለዚያ ዓመት እናወጋለን። ዘመኑን የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፈረንጆች ያንን ዓመት 1947 ይሉታል።

በመጀመሪያ ጨዋታውን እናስረዳ። ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ፤ በእያንዳንዱ 9 ሰው ይሰለፋል። አንደኛው ቡድን ሜዳው ላይ ተበትኖ ኳስ ይጠብቃል። ከሌላው ቡድን ደግሞ ተራ በተራ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ይቆማል። ወርዋሪው 18 ሜትር ያህል ርቆ ኳሷን በኃይል ይወረውርለታል። ኳሷ ብርቱካን ታክላለች፤ በቆዳ የተሰፋች ናት፤ ግን እንደ ድንጋይ ትጠጥራለች። ባለዱላው ከመታት በኋላ ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። ሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ከአንዱ እስከ ሌላው 27 ሜትር ያህል ነው። ሰውየው ሦስቱን ረግጦ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ኳሷ ቀድማው ማረፊያው ላይ ከደረሰች ግን ከሜዳ ይወጣል። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይለወጣል።

አንድ ሌላ ብልሃት አለ። ሯጩ ማረፊያ ላይ ቆሞ ሳለ ወርዋሪው ዓይኑን ወደ ባለዱላው ሲያደርግ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ፈትለክ ሊል ይችላል። ይህን “መስረቅ” ይሉታል። ስሙ ሌብነት ቢሆንም በሕጉ የተፈቀደ ነው። ይህችን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱት ለመዝናናት ብቻ አይደለም። ደመወዝ አላቸው፤ ተመልካቹም ከፍሎ ነው የሚገባ። በዚያ ዘመን በሁለት ሊግ የተከፈሉ 16 ትልልቅ ቡድኖች ነበሩ። እንግዲህ ጥቁር አይግባ ማለት እንጀራውን መንሣት ማለት ነው።

ባርነት በአሜሪካ በሕግ የቀረው በ1858 ዓ.ም. ነው። በ1876 ዓ.ም. ሞዘስ ፍሊትውድ ዎከር የሚባል ጥቁር ሰው ከትልልቆቹ ቡድኖች በአንዱ ተጫውቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። ጥቁር አይግባ የሚል የተጻፈ ሕግ አልነበረም። የቡድኖቹ ባለቤቶች በቃል ተስማሙ፤ አለቀ። በወረቀት ያልሰፈረ ነገር ለመክሰስም አይመች። ጥቁሮቹም የራሳቸውን ቡድኖች አቋቁመው ለብቻቸው ይጫወቱ ጀመር።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ጃኪ ሮቢንሰን በጥር 1911 ዓ.ም. በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ ኬይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ከባሪያ የልጅ ልጆች አንዱ ነው። አባቱ በአንድ ነጭ ባለመሬት እርሻ ላይ በወር 12 ዶላር ይሠራ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ማሊ ብልህ ሴት ነበሩ። ይህ ገንዘብ የትም አያደርሰንም፤ በእኩል እንድታርስ ጠይቀው ብለው ባላቸውን ገፋፉት። በእኩል ማረስ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መሬቱ የሌላ፣ ላቡ ያንተ፣ ምርቱ ለሁለት። ያም ሆኖ ከ12 ዶላሩ ይሻል ነበርና ኑሯቸው ትንሽ ቀና አለ። ብዙም ሳይቆይ አባትየው ቤቱን ጥሎ ሄደ። ወይዘሮ ማሊ በ1912 ዓ.ም. አምስት ልጆቻቸውን ይዘው በባቡር ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዙ። የመጨረሻው ልጅ ጃኪ ገና ሕፃን ነበር። እዚያም በሰው ቤት እያጠቡና እያበሰሉ አሳደጓቸው።

ልጆቹ ሯጮች ወጡ። ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1928 ዓ.ም. በበርሊን ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ሩጫ ሁለተኛ ሆነ። ጃኪ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአራት ዓይነት ስፖርት ስም አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መኮንን ሆነ። በ1936 ዓ.ም. በቴክሳስ በአንድ የጦር ሠፈር አውቶቡስ ላይ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሂድ ቢለው አልሄድም አለ። ለዚህ ለጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በነፃም ተለቀቀ። ከዚህ እንደምናየው ሰውየው ዝም ባይ አልነበረም። የሚገርመውም ይኸው ነው፤ ቀጥሎ የተጠየቀው ዝም እንዲል ነበርና።

በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል፣ ዶጀርስ የሚባል ቡድን ነበር። የቡድኑ ኃላፊ ብራንች ሪኪ በነሐሴ 1937 ዓ.ም. ሮቢንሰንን ቢሮው ጠራው። ሦስት ሰዓት ያህል አነጋገረው። ነጮች የሚሰድቡትን ስድብ ሁሉ ራሱ እያስመሰለ ፊት ለፊት ሰደበው። ሮቢንሰን፣ የምትፈልገው መልስ ለመመለስ የሚፈራ ሰው ነው ወይ? ብሎ ጠየቀ። ሪኪም፣ የለም፤ እኔ የምፈልገው መልስ ላለመመለስ ድፍረት ያለው ሰው ነው አለ። ሮቢንሰን ተስማማ። በ1938 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ለሞንትሪያል ቡድን ተጫወተ፤ በማግስቱ ዓመት ወደ ትልቁ ቡድን ገባ።

ስለ ሪኪ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ብዙዎች እንደ ጻድቅ ያነሡታል። ድፍረቱን አንክድም። ሆኖም ነጋዴም ነበር። ሮቢንሰን በ1937 ይጫወትለት የነበረው የካንሳስ ሲቲ ጥቁሮች ቡድን ስለ ተወሰደበት ተጫዋች አንዲት ሳንቲም አልተከፈለውም።

የዓመቱ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ከራሱ ከዶጀርስ ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ከጥቁር ጋር አንጫወትም የሚል ፊርማ ለማሰባሰብ ሞከሩ። አሠልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር በሌሊት ሰብስቦ ገሠጻቸውና ነገሩ ከሸፈ።

ሚያዝያ 7 ቀን 1939 ዓ.ም. ሮቢንሰን 42 ቁጥር ለብሶ ሜዳ ገባ። ከ25,000 በላይ ሰው መጥቶ ነበር፤ ከግማሽ በላዩ ጥቁር ነው። በዚያ ቀን ዱላው ደህና ምት አልሆነለትም፤ ሮጦ ግን አንድ ነጥብ አስቆጠረ። ብሩክሊን ቦስተንን 5 ለ 3 ረታ።

ችግሩ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። የፊላደልፊያ ቡድን ብሩክሊን መጣ። አሠልጣኛቸው ቤን ቻፕማን ተጫዋቾቹን አስተባብሮ ሮቢንሰንን የቀለሙን ስድብ ያወርዱበት ጀመር። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው ባለ ቁጥር ነው። ሮቢንሰን ኋላ እንደ ጻፈው፣ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ከሁሉ ይልቅ የተቃረበው በዚያ ቀን ነበር። ዱላውን ጥሎ ሄዶ አንዱን በቡጢ ማለት አማረው። ግን ቃል ሰጥቷል። ቢማታ እኮ፣ ይኸው ጥቁር አስገብተን አየን ብለው በሩን መልሰው ይዘጉታል። ያን ጊዜ ሲጀመር ብዙም ያልወደደው የቡድን ጓደኛው ኤዲ ስታንኪ ተነሣ። እናንተ ፈሪዎች፣ መልስ መመለስ የሚችለውን ሰው ስደቡ እያለ ጮኸባቸው። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ቻፕማን ተወቀሰ። ሁለቱ አብረው ፎቶግራፍ እንዲነሡ ተደረገ። እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም፤ አንዲት ዱላ በግራና በቀኝ ይዘው ቆሙ።

የሴንት ሉዊስ ተጫዋቾችም ሥራ ለማቆም ማሰባቸው ተወራ። የሊጉ ሹም ፎርድ ፍሪክ፣ እንዲህ የሚያደርግ ሁሉ ከጨዋታ ይታገዳል ብሎ አስጠነቀቀ፤ ወሬውም ቀዘቀዘ። በአንዳንድ ከተማ ሆቴሎች ሮቢንሰንን ከጓደኞቹ ጋር አላሳድርም አሉት። ጠጣሯ ኳስ በዓመቱ 9 ጊዜ ገላው ላይ አርፋለች። ቦታው የመጀመሪያው ማረፊያ ነበር፤ እዚያ የሚቆም ሰው አንድ እግሩን ማረፊያው ላይ አድርጎ ኳስ ይቀበላል። የሯጮቹ ጫማ ደግሞ ከሥሩ የብረት ሹል አለው። በነሐሴ አንድ የሴንት ሉዊስ ሯጭ በዚያ ብረት እግሩን ረገጠው። ሆን ብሎ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ታዲያ ሮቢንሰን መልስ አልሰጠም ማለት ነው? ሰጥቷል፤ በእግሩ። ያንን መስረቅ ያልነውን ነገር 29 ጊዜ አደረገው። ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነው። ማረፊያ ላይ ሆኖ ወደፊት ወደኋላ ሲል ወርዋሪው ይርበተበት ነበር። በዓመቱ 151 ጨዋታ ተጫወተ፤ 125 ጊዜ ዞሮ ነጥብ አስቆጠረ። በዱላ ከ100 ሙከራ ወደ 30 ያህሉ ተሳክቶለታል። ትንሽ አይምሰላችሁ፤ በዚህ ጨዋታ ከ10 ሦስት የሚሳካለት ሰው ጎበዝ ይባላል። ለአዲስ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት ያን ዓመት ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ተሸላሚም እሱ ሆነ። የዓመት ደመወዙ ግን 5,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ በሜዳቸው ከፍሎ የገባው ሰው ደግሞ 1.8 ሚሊዮን ደረሰ።

ዶጀርስ 94 ጨዋታ አሸንፎ ከሊጉ አንደኛ ወጣ። በመስከረም 1940 ዓ.ም. ለዋንጫው ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ሰባት ጊዜ ተጋጠመ፤ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ያ ውድድር በቴሌቪዥን ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ክረምት፣ በሰኔ 1939፣ ላሪ ዶቢ የሚባል ጥቁር ተጫዋች በሁለተኛው ሊግ ለክሊቭላንድ ገባ። ሌሎችም ተከተሉ። ነገሩ ግን ጉዳትም ነበረው። ጥቁሩ ተመልካች ፊቱን ወደ ትልቁ ሊግ አዞረና የጥቁሮቹ ቡድኖች ሜዳ ባዶ ሆነ። ከዓመት በኋላ ከሁለቱ ታላላቅ የጥቁሮች ሊጎች አንዱ ፈረሰ። ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች አዲሱ በር ሳይደርሳቸው የድሮው ቤታቸው ጠፋባቸው። ስለ እነሱ ብዙ አይወራም።

ሮቢንሰን ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ መናገር ጀመረ። በዳኛም ይከራከር፣ በጋዜጣም ይጽፍ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ይህ ሰው ምነው አፉ በዛ አሉት! አሥር ዓመት ተጫውቶ አቆመ፤ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ ሞተ። በ1989 ዓ.ም. 42 ቁጥርን ከእንግዲህ ማንም አዲስ ተጫዋች እንዳይለብስ በሁሉም ቡድኖች ተወሰነ። የቦስተኑ ሬድ ሶክስ ቡድን ግን የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1951 ዓ.ም. ነው፤ ሮቢንሰን ሜዳ በገባ በ12ኛው ዓመት።