ከፌንጣ ወደ ሰው

ፊዚክስ የተማረ ሰው በኮምፒዩተር ስሌት ወደሚካሄደው የኅብረተሰብ ጥናት ቢዛወር የደከመበት ዕውቀት ከንቱ አይሆንበትም። አውስትራሊያዊው ዱንካን ዋትስ ለዚህ ምስክር ነው። ፊዚክስ ተምሮ፥ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፌንጣዎች በሌሊት ድምፃቸውን እንዴት እንደሚያስተባብሩ ሲመረምር፥ የትኛው የትኛውን ይሰማል የሚል ጥያቄ ገጠመው። ይኸው ጥያቄ ወደ ሰዎች ትውውቅ አሻገረው። በ1998 እ.ኤ.አ. ከመምህሩ ከስቲቨን ስትሮጋትዝ ጋር ስለ ግንኙነት መረቦች ያሳተመው ጽሑፍ ስሙን አስጠራ፤ በኋላም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ አስተማረ።

ሒሳቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ፌንጣ ስለተመዘገበ አመሉን አይለውጥም፤ ሰው ግን እንደሚጠና ሲያውቅ መልሱን ያሳምራል፤ ቅጽ ያስሞላ ጸሐፊ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ አመልካቹ ከሚችለው ስሌት ይልቅ ሊመረምረው የሚሻውን የሰው ጉዳይ አስቀድሞ ይጻፍ።