ባትሪ የገባላት ቮልስ

ቮልስ ሳትታይ ትታወቃለች። ገና ከማዕዘኑ ጀርባ እያለች ደረቅ ጉርምርምታዋ ቀድሟት ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ከሌላ መኪና ድምፅ ጋር አያምታታውም። ምክንያቱ ሞተሯ ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውሃ ስላልሆነ ራዲያተር የላትም። በሌሎች መኪኖች ሲሊንደሩን ከብቦ የሚዞረው ውሃ ድምፅንም ያፍናል። እሷ ግን የምትደብቀው ነገር የለም፤ የሲሊንደሩ ምትና የማቀዝቀዣው ነፋስ ከኋላ ኮፈኗ ስር እንዳለ ይወጣል።

አሁን ይህ ድምፅ የሌላት ቮልስ አለች።

እ.ኤ.አ. በ2019 በፍራንክፈርቱ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ቮልስዋገን ራሱ፣ ኢክላሲክስ ከተባለ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ፣ የቤንዚን ሞተሯ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ሞተር የገባላትን ቮልስ ለሕዝብ አሳየ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ባትሪው የመጡት ኢ-አፕ ከተባለችው የኩባንያው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 34 የፈረስ ጉልበት ይዛ ዳገት የምትወጣው መኪና 82 አገኘች። ወለሏ ስር የተደረደሩት 14 የባትሪ ክፍሎች 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ አንዴ ከተሞሉ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዷታል። ክብደቷ ግን ከ800 ኪሎ ገደማ ተነሥቶ 1,280 ደረሰ። ስለዚህ ሻንሲዋንም ፍሬኗንም ማጠናከር ግድ ሆነ። ስለዚህ ሥራ የሚያወሩ ብዙዎች ይህችን ነጥብ ይዘሏታል። ክብደት የጨመረች መኪና በድሮ ፍሬኗ ቁልቁለት ስትወርድ ማሰብ ግን ያስፈራል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቮልስ እጅግ ትመቻለች። ሞተሯ ከካምቢዮዋ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ ጎበዝ መካኒክ ሽቦዎቹንና የቤንዚን ቱቦውን ነቅሎ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ሞተሩን በክሪክ ወደ መሬት ያወርደዋል። በግል ጋራዦች ብዙ ጊዜ የድሮው ካምቢዮ አይነካም። በልኩ የተቆረጠ የብረት ሳህን መሃል ይገባና የኤሌክትሪክ ሞተሩ በቀድሞው ቦታ ይታሰራል። ባትሪው ከፊሉ ፊት ለፊት የቤንዚን ታንክ በነበረበት ቦታ፣ ከፊሉ ከኋላ ወንበር ጀርባ ይገባል። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል ሞተሩ በሚፈልገው መልክ ይለውጣል። እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሣ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ የመኪናዋን ፍጥነት እየቀነሰ የተወሰነውን ኃይል ለባትሪው ይመልሳል። ካርቡራተር ማጽዳት፣ ካንዴላ መቀየር፣ የሞተር ዘይት መለወጥ ያበቃል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ የነዳጁ ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከሚሰጠው ኃይል ዘጠና በመቶ ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል።

አንድ አደጋ ግን በግልጽ መነገር አለበት። በድሮዋ ቮልስ ውስጥ ያለው ባትሪ 6 ወይም 12 ቮልት ነው፤ በእጅ ቢነካም አይገድልም። የሚገባላት አዲሱ ባትሪ ከመቶ እስከ ብዙ መቶ ቮልት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናና የመከላከያ ጓንት የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም።

በአውሮፓ ጉዳዩ የክርክር ርዕስ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ደንብ ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩ መኪኖች ወደ ኤሌክትሪክ እንዲለወጡ መንገዱን ከፍታለች። የጥንት መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በበኩሉ ሞተሯን ያጣች መኪና ታሪካዊ መባል እንደማትችል አስታውቆ፣ የሚለውጥ ሰው ካለ ቢያንስ ወደ ነበረችበት ልትመለስ በምትችልበት መንገድ እንዲሠራና የወጣውን ዕቃ እንዲያስቀምጥ መክሯል። የእንግሊዙ መኪና ሠሪ አስተን ማርቲንም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ባሳየው፣ ዲቢ6 በተባለችው የድሮ መኪናው ለውጥ ላይ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ክፍል በነባሩ የሞተር ማሰሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ሲፈለግም ይወጣል። እኔም ከፊቫ ጋር ነኝ። መኪና መሄድ አለባት፤ ታሪኳን ግን ከእሷ ጋር ይዛ ትሂድ።

በእኛ አገር ነገሩ ከቅንጦት ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ከኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ሲሆን ቤንዚኑ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የእኛዋ ቮልስ በራሳችን ወንዝ ኃይል ብትሄድ ማን ይጠላል? እንቅፋቱ የባትሪው ዋጋ ነው፤ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በውጭ አገር ብዙዎቹ ለዋጮች ባትሪና ሞተር የሚያገኙት ከተጋጩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ነው። አሁን በመንገዳችን ላይ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ነገ የመለዋወጫ ምንጭ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ።

የድሮዋ መኪና እንዲህ ስትለወጥ፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ሹፌር አልባዋ መኪና እየመጣች ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ያለ ሰው የሚሄዱ መኪኖችን በሞሃቪ በረሃ ሲያወዳድር፣ ከ240 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ ከሁሉ የራቀችው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ቆመች። በዓመቱ 212 ኪሎ ሜትር ጨርሳ ያሸነፈችው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ስታንሊ ናት። ስታንሊ ቮልስዋገን ቱዋሬግ ነበረች፤ የቮልሷ ታናሽ እህት ማለት ነው። የቡድኑ መሪ ሴባስቲያን ትሩን እ.ኤ.አ. በ2009 በጎግል የጀመረው ሥራ ዛሬ ዌይሞ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም ዌይሞ በአሜሪካዋ የፊኒክስ ከተማ አካባቢ መሪው ላይ ማንም በሌለበት መኪና መንገደኛ ያመላልሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦስቲን ከተማ ውስጥ አንድ ዐይነ ስውር መሪም ፔዳልም በሌላት ትንሽ ክብ መኪና ብቻውን ተሳፍሮ ሄዷል። ለእሱ ያ ጉዞ ምን ማለት እንደነበር ለማወቅ ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን በአሪዞና ቴምፒ ከተማ ለሙከራ ትሄድ የነበረች የሌላ ኩባንያ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭታ ገድላለች። ሁለቱም የዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ ናቸው።

ሹፌር አልባ መኪና በካሜራ፣ በራዳርና በላይዳር (በሌዘር ርቀት በሚለካ መሣሪያ) ዙሪያዋን ታያለች፤ ኮምፒውተሩ ይወስንና ትእዛዙን በሽቦ ወደ መሪውና ወደ ፍሬኑ ይልካል። ቮልስ ላይ ይህ የለም። መሪዋ ከጎማው ጋር የተገናኘው በብረት ዘንግ ነው፣ ፍሬኗም የሚሠራው በሰው እግር ግፊት ነው። ሞተሯ ኤሌክትሪክ ቢሆንም ከሹፌሯ አትለይም፤ ለእኔ ትልቁ ዋጋዋም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅድሚያ የሚለመነው በመብራት ብልጭታና በእጅ ምልክት፣ አንዳንዴም በዐይን ብቻ ነው። ይህን ቋንቋ ኮምፒውተር እስኪያነብ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የቮልስ ባለቤት ግን ዛሬም ያነበዋል።

ቮልሳችሁን ለመለወጥ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ሊብሬያችሁ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ከሚወጣው ሞተር ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ብሎን ሳይፈታ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ። የወጣውን ሞተርም ለቁራሌው አትስጡት። ዘይት ቀብታችሁ፣ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ደፍናችሁ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አራቱን ብሎኖችም ከእሱ ጋር።