ባንድ የማን ነው? የማሕሙድ አሕመድ መንገድና የወልቂጤና የቡታጅራ ወጣት ድምፃውያን

በሙዚቃ ታሪክ ጽሑፎች ውስጥ «ባንድ መሠረተ» የሚለው ሐረግ በቀላሉ ይነገራል። ሐረጉ ድምፃዊው አስቀድሞ የነበረ፣ ባንዱም ከእርሱ ፈቃድና ከጓደኞቹ ስምምነት የተወለደ ያስመስላል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ግን ቅደም ተከተሉ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ባንዱ ቀድሞ ነበረ፣ ድምፃዊውንም የሠራው እርሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከጉራጌ ቤተሰብ በተገኘው በማሕሙድ አሕመድ የሙዚቃ ሕይወት በኩል ይመረምራል፤ በዚያውም የራሱን ግጥምና ዜማ ይዞ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ባንድ ለማቆም የሚያስብ ወጣት የሚገጥመውን ጥያቄ ያብራራል።

ማሕሙድ እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ሊስትሮ ሠርቷል፤ ኋላም በአሪዞና የምሽት ክበብ በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጠረ። ክበቡ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የሚያመሹበት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በአንዱ ምሽት ይጠበቅ የነበረው ድምፃዊ ሳይመጣ ሲቀር ወጣቱ ሠራተኛ እንዲዘፍን ተፈቀደለት። ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ሆነ፤ እስከ 1974ቱ አብዮት ድረስም እዚያው ቆየ። ታሪኩ ሲተረክ ጎልታ የምትወጣው ያቺ የዕድል ምሽት ናት። ሆኖም ዕድሉ ፍሬ ሊያፈራ የቻለው ሳክስፎኑ፣ ድራሙና የድምፅ ማጉያው ከነባለሙያዎቻቸው መድረኩ ላይ ተዘጋጅተው ስለጠበቁት ነው። እነዚህ ዕቃዎች አንድ የሊስትሮ ልጅ ሊገዛቸው ቀርቶ በቅርብ ሊነካቸውም የማይችላቸው ነበሩ።

የዕቃዎቹ ባለቤት መንግሥት ነበር። ዘመናዊው የነፋስ መሣሪያ ሙዚቃ ሥር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ባስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና በአሠልጣኛቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን አማካይነት ነው። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የሙዚቀኛው ቀጣሪዎች ሆኑ። ቀጣሪው ደመወዝ፣ የልብስ ወጪ፣ የመለማመጃ አዳራሽና የኖታ ትምህርት ይሰጣል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። የክቡር ዘበኛ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍባቸው ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ነበር፤ ዘፋኝ የክፍሉ አባል እንደመሆኑ የክፍሉ ዕጣ ደረሰው።

ይህ ሥርዓት የተሰነጠቀው ከሸክላ ንግዱ በኩል ነው። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቸኛ ድርሻ ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደንቡን ተዳፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ተሾመ ምትኩ የዘፈነበት ሶል ኤኮስን የመሰሉ በግል የቆሙ ባንዶችም በዚያው ዘመን ታዩ። ማሕሙድም የክቡር ዘበኛ ባልደረባነቱን ሳይለቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬነስ ባንድ ጋር የመጀመሪያ ሸክላውን አስቀረጸ፤ አንድ እግሩ በመንግሥት ቤት፣ ሌላው በግል ቤት ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የወጣው «ኧረ መላ መላ» ስሙን በዓለም ያስጠራ ሥራ ነው፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በቤልጅጉ ክራምድ ዲስክስ በኩል ለአውሮፓ አድማጭ ቀርቧል። አብሮት የተጫወተው አይቤክስ ባንድ ግን የማሕሙድ ባንድ አልነበረም። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩምና ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ የነበሩበት፣ ኋላም ሮሃ ተብሎ የተሰየመው ይህ ስብስብ ብዙ ድምፃውያንን እየተቀበለ ያጀብ ነበር። ባንዱ ቋሚ ቤት፣ ድምፃዊው ደግሞ እንግዳ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለተነሣው ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው የወልዲያው ተወላጅ አያሌው መስፍን ነው። አያሌው የራሱን ዘፈኖች ጽፎ የሚጫወት፣ ጥቁር አንበሳ ባንድንም በስሙ የመራ ድምፃዊ ነበር። የእርሱ ጉዞ በደርግ ዘመን በእስራትና በእገዳ ተቋረጠ። ከመንግሥት ቤት ውጭ የቆመ ባንድ የመንግሥትን ትእዛዝ ባይቀበልም ከመንግሥት ቁጣ የሚከልለው ግድግዳ አልነበረውም።

የባንዶቹን ቁጥር ይበልጥ ያመነመነው ግን ቁጣ ብቻ አይደለም። የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ገበያ ሲዘጋ ሥራው እንደ ራስና እንደ ሒልተን ባሉ ትልልቅ ሆቴሎች ተወሰነ። ካሴት ሸክላን ተካ። ቀጥሎ ኪቦርድ መጣ፤ የድራሙን፣ የቤዙንና የነፋስ መሣሪያውን ሥራ ለአንድ ሰው ሁለት እጅ ሰጠ። ለሠርግ ደጋሽ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ስድስት ሰው ከመክፈል ሁለት ሰው መክፈል ይቀላል።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቡታጅራም ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ርቀቱ አጭር መሆኑ ለባንድ ጥቅም ነው ተብሎ ሊገመት ይችላል። በተግባር ግን ስቱዲዮው፣ አቀናባሪውና የሆቴሉ መድረክ በግማሽ ቀን ስለሚደረስባቸው ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ጓደኞቹን ሳይሰበስብ አውቶቡስ ይሳፈራል። በአካባቢው የሚቀረው ሥራ የባህል ኪነት ቡድን፣ ሠርግና የመስቀል ሰሞን ዝግጅት ነው። በመስቀል ተጓዡ ሁሉ ወደ አገሩ ስለሚመለስ ገበያው ይደምቃል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ይቀዘቅዛል።

ኪቦርዱ በጉራጌ ዘፈን ላይ ያደረሰው ለውጥ ለብቻው ሊታይ ይገባል። የጉራጌ ጭፈራ በአውጪና በተቀባይ፣ በጭብጨባና በከበሮ የቆመ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ተቀባይ ከሌለ አውጪው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ እንኳ የለውም። ዛሬ «የጉራጊኛ ምት» ተብሎ በኪቦርድ ውስጥ የተቀመጠው ያንን ጭብጨባ በአንድ ቁልፍ ይተካል። ምቱ በመላ ሀገሪቱ ሠርግ ቤት ተወዳጅ ሲሆን ተቀባዮቹ ከመድረክ ወረዱ። እንግዲህ ወጣቱ ድምፃዊ ባንድ ሲያስብ የሚፈልገው ጊታርና ድራም ብቻ ሳይሆን እነዚያን ተቀባዮችም ነው፤ ይህ ደግሞ ወጪውን ያበዛል።

የቋንቋው ጉዳይም ቀላል አይደለም። በቸሃ የሚጽፍ የወልቂጤ ልጅ በመስቃንና በስልጥኛ ተናጋሪዎች መካከል ባለችው ቡታጅራ ሁሉም ቃሉን አይረዳለትም፤ አማርኛ ሲጨምር አድማጩ ይሰፋል፣ የዘፈኑ መነሻ ግን ይርቃል። ማሕሙድ በአብዛኛው በአማርኛ እየዘፈነ ጉራጊኛውን በየመካከሉ ይዞ መጓዙ አንድ መፍትሔ ነበር። በሌላ በኩል በሀገራችን ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ድምፅ ለየብቻ ባለሙያ የተከፋፈሉ በመሆናቸው ሁለቱን ወይም ሦስቱን አንድ ላይ የሚሠራ ሰው ወጪ ይቆጥባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የደራሲን መብትና የከዋኝን መብት ለይቶ ያውቃል፤ ስለዚህ ባንዱ ቢፈርስ ዘፈኑ ከጸሐፊው ጋር ይሄዳል።

መሣሪያው ግን እንዲህ ያለ አዋጅ የለውም። ማሕሙድ በአሪዞና በተነሣበት ዘመን አካባቢ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ የሚያስወጣ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ዕቁቡም ከዚያ በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነው። ድራምና ማጉያ በዚሁ መንገድ ሊገዙ የማይችሉበት ምክንያት አይታይም፤ አስቸጋሪው ክፍል ከግዢው በኋላ ያለው ነው። መንገድ የማንም ስም ሳይኖርበት ሁሉን ያገለግላል፤ ባንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በዘፋኙ ስም ነው። ድራሙ የተመዘገበው በድምፃዊው ስም ነው ወይስ በማኅበሩ ስም? ዘፋኙ አዲስ አበባ በገባ ማግሥት ወልቂጤ ውስጥ ባንድ መቅረቱና አለመቅረቱ የሚታወቀው ከዚህ ነው።